ብዙ ገብስ አለን

ደብረ ታቦር አጠገብ ከሰፈረ አንድ ፈረንጅ አንጥረኛ ዘንድ ብረት ስቀጠቅጥ፣ እግረ መንገዴን እንግሊዝኛ ለቀምኩ። አስቸጋሪ ቋንቋ ነው። እኛ ለሰውም ለውሃም ‹‹ብዙ›› ብለን እንገላገላለን፤ እነሱ የሚቆጠረውን ‹‹ሜኒ››፣ የሚሰፈረውን ‹‹ማች›› ይሉታል። በሬ ሜኒ፣ ዱቄት ማች። ስሳሳት ፈረንጁ መዶሻውን ጥሎ ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። ማታ ማታ ወደ ቤት ስመለስ ድንጋዩንም ጭቃውንም ሜኒና ማች እያልኩ ስለይ እገባለሁ። በመጨረሻ መሳሳት ተውኩ፤ ኮራሁም። ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራን።

በዚያ ዓመት እንድንቀልበው ቤታችን ተመርቶ የከረመ ወታደር ጎተራችንን አራቁቶት ሄደ። ለዘር እንኳ አልተረፈንም። የገብስ መዝሪያ ሲደርስ ፈረንጁ፣ ከቤተ መንግሥት ከሚሰፈርለት እህል ላይ ዘር ላጣ የሠራተኛ ቤተሰብ አንዳንድ ስልቻ እሰጣለሁ አለ። እናቴን ይዣት ሄድኩ።

ጎረቤቶቻችንም እዚያው ቆመዋል። ፈረንጁ ‹‹እናትህ ቤት ምን ያህል ገብስ አለ?›› ብሎ ጠየቀኝ፤ ወደ አማርኛ መልሼ ለእናቴ ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች።

‹‹ተመስገን፣ ብዙ አለን። ምን ጎድሎብን!››

ባገራችን ሰው ፊት ‹‹ቤቴ ባዶ ነው›› የሚል የለም። ገመናን ባለቤቱ አይገልጥም፤ ‹‹ኧረ የላቸውም›› ብሎ የሚናገርለት የሚያውቅ ዘመድ ነው። እናቴ የኔን አፍ ነበር የምትጠብቀው። ይህን አውቃለሁ። ግን ጎረቤት ሁሉ እያየኝ ነው፤ ‹‹የለንም›› ማለቱ አሳፈረኝ፣ እንግሊዝኛዬንም ማሳየት አማረኝ። ‹‹ማች ባርሊ›› አልኩ፤ ብዙ ገብስ ማለት ነው። ‹‹ሜኒ›› አላልኩም። ፈረንጁ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ስልቻውን ከኋላችን ላለችው ሴት ሰጣት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ችግሩን በደበቀ አፍ ግን ገብስም አይገባም።

ደጃችን ስንደርስ እናቴ፣ ‹‹እኔስ ለወጉ ተናገርኩ፤ አንተ ግን ጎተራውን ታውቀው የለ፣ ልጄ?›› አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክረምቱ ሲገባ የሰው ማሳ በገብስ ለመለመ፤ የኛ ሣር ብቻ አበቀለ። ማሳችን ከፈረንጁ ደጅ ሆነው ሲያዩት ይታያል። አንድ ቀን በጣቱ እያሳየኝ፣ ‹‹ምነው ሳትዘሩ ቀራችሁ? ማች ባርሊ አላልክም ነበር?›› አለኝ።

‹‹ብያለሁ፤›› አልኩት። ‹‹ተሳሳትኩ እንዴ?››

‹‹የለም፣ ቃሉስ ልክ ነበር›› አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።