ጤነኞቹን የለቀምኩበት እሑድ

ተማሪዎቼ ስለ ኬዝ ኮንትሮል ጥናት ሲጠይቁኝ፣ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት አንዲት ጠላ ሻጭ ትታወሰኛለች። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የታመሙትን ትይዛለህ፣ ያልታመሙትን በጎናቸው ታስቀምጣለህ፣ ሁለቱንም ወደ ኋላ መልሰህ አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቃለህ፤ ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ፣ የት ዋላችሁ? በታመሙት ዘንድ በዝቶ በጤነኞቹ ዘንድ ያነሰው ነገር ይጠረጠራል። የታመመን ማግኘት አያስቸግርም። ጭንቁ ጤነኛውን መምረጡ ላይ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ኑሮ ላይ ተሳስቼ ነው።

ያን ጊዜ ከኮሌጅ ወጥቼ ቡሬ የተመደብኩ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ወጣት የጤና ባለሙያ ነበርኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ያልገቡበት ዘመን ስለነበር ወረርሽኝ ተነሣ ሲባል የምንሄደው እኛው ነን። በግንቦት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደ ሰሞን፣ ወደ ሽንዲ አቅጣጫ ካለች አንዲት ቀበሌ ተቅማጥና ትውከት ሰው እየጣለ ነው የሚል መልእክት መጣ። አንድ ሽማግሌ ሞተዋል። እኔ ስደርስ ሕዝቡ ጥፋተኛውን አግኝቶ ጨርሷል። በዚያው ሳምንት ትልቅ ተዝካር ተደግሶ ነበር። ከጠላው ግማሹን የጠመቀችው ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ከሌላ ወረዳ መጥታ በመንደሩ ጫፍ ጠላ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። «መርዛናለች» ይላሉ።

ቤቷ ሄድኩ። ከተዝካሩ ከተረፈው ጋን በጣሳ ቀዳች፤ እንደ ደንቡ ጥቂት በመዳፏ ላይ አፍስሳ ቀመሰችና፣ መርዝ እንደሌለበት አሳይታ፣ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«ይጠጡ ዶክተሬ» አለችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ እዚያ ዶክተር ነው።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኳትና ፎርሜን መሙላት ቀጠልኩ።

ታማሚዎቹን ቤት ለቤት ዞሬ ስጨርስ እግሬ ዝሎ ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን እየመነጨቀ ያስቀርብኛል። ለአንድ ታማሚ ሁለት ጤነኛ ያስፈልገኛል። በማግሥቱ እሑድ ነበርና ቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጤነኛ ሰው ሞልቶ አገኘሁ፤ ቄሶች፣ ዲያቆናት፣ መሪጌታው፣ የቆሎ ተማሪዎች። ከአንድ ጽድ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ሳይመሽ ጠየቅኋቸው፤ በፍጥነቴም ኮራሁ። ከታማሚዎቹ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሴትዮዋን ጠላ ጠጥተዋል። ከጤነኞቹ አንድም የጠጣ የለም። እንዲህ የጠራ ውጤት በመማሪያ መጽሐፍም አላየሁም። ተዝካሩን ያልረገጠች አንዲት አራስ መታመሟ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ ሰው አምጥቶላት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ለቀበሌው ሊቀ መንበር «ጠላው ነው» አልኩት። ወዲያው ጋኖቿ ተደፉ፤ ደጇ ላይ በእንጨት ተሰክቶ የነበረው፣ የጠላ ቤት ምልክት የሆነው ጣሳ ተነቀለ፤ እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ልጆቿን ይዛ ከቀበሌው እንድትወጣም ተነገራት።

ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ፎርሞቹን ለአለቃዬ አቀረብኩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነገር በቀልድ መወርወር የሚወዱ የሳኒቴሽን ባለሙያ ነበሩ። የሥራ ዓይነት የሚለውን ዓምድ በጣታቸው ወረዱ ወረዱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«በዚህ ቀበሌ ጤነኛ የሆነ ሁሉ ይቀድሳል?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ለመሆኑ ካህናት በተዝካር የት ነው የሚቀመጡት?»

ያደግሁበትን ወግ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ካህናቱ የሚቀመጡት ለብቻቸው በተጣለ ዳስ ነው፤ የሚቀዳላቸውም የባለ ተዝካሩ ቤት ራሱ የጠመቀው ጠላ ነው። የሴትዮዋ ጠላ የሄደው ወደ ሕዝቡ ዳስ ነው። የእኔ ጤነኞች ያን ጠላ ሊጠጡ ቢፈልጉ እንኳ አይደርሳቸውም። የሚኖሩትም ኮረብታው ላይ፣ ከታማሚዎቹ ርቀው ነው። ቅርብ ያገኘሁትን ለቅሜ ጥናት ብዬዋለሁ።

«ተመለስ» አሉኝ። «ከዚያው ከሕዝቡ ዳስ ተቀምጠው ያልታመሙትን ፈልግ።»

ሁለት ቀን ከጎጥ ጎጥ ዞርኩ። ከሕዝቡ ዳስ ውለው ደህና የገቡ ሰዎች ሞልተዋል፤ እነሱም ያንኑ ጠላ እንደ ታማሚዎቹ ጠጥተዋል። «እኔማ ስንቱን ጣሳ ጨልጬ፣ ይኸው ምን ሆንሁ?» አለኝ አንድ ገበሬ፣ ይህን እስካሁን ለምን እንዳልተናገረ ራሱም እያፈረ። ልዩነቱ የወጣው የመጠጥ ውሃ ጥያቄው ላይ ነው። ታማሚዎቹ የሚቀዱት ከታችኛው ምንጭ፣ ጤነኞቹ አብዛኞቹ ከላይኛው ነው። ወርጄ ባየው የታችኛው ምንጭ ክዳን ተሰብሮ ጎርፍ ገብቶበታል። አራሷም የምትጠጣው ከዚያ ነበር።

ዓርብ ዕለት ምንጩ ታጠረ፣ የመውጣቱ ትእዛዝም ተሻረ። ከሊቀ መንበሩና ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር ቤቷ ስንደርስ ዕቃዋን ጠቅልላ ደጅ አውጥታለች። መሳሳቴን ሰው ፊት ተናገርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። እፍረቱ አንገቴን አስደፍቶኛል። ገብታ፣ ሳይደፋ ከቀረ ትንሽ እንስራ በጣሳ ቀድታ ወጣች። በመዳፏ እስክትቀምስ ጠበቅሁ። አልቀመሰችም።

«ያኔ ቀምሼ ሰጠሁዎ፤ አላመኑኝም» አለች። «ዛሬ ሳልቀምስ ነው።»

ጎረቤቶቹ ያዩኛል። አንድ በአንድ ጠይቄ፣ አወዳድሬ፣ ራሴ ያረጋገጥኩት ነው፤ ወረቀቱም ኪሴ ውስጥ አለ። እንዲያም ሆኖ ጣሳውን ለመቀበል እጄ ዘገየ። ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው። ከዚያ ተቀብዬ እስከ አተላው ጠጣሁት። ሊቀ መንበሩም አስቀዳ፤ አንዲት ጎረቤትም «ለእኔም» ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ባዶውን ጣሳ ስትቀበለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲያመነቱ አይቼዎታለሁ» አለችኝ።