ሽንት ቤት ቆፋሪው

የጓሯችን ሽንት ቤት ወለል ስለበሰበሰ አዲስ እንዲሠራልን አንድ ሰውዬ ጠራን። ስሙን ስንጠይቀው "ቆፋሪው በሉኝ፣ ይበቃኛል" አለን። ቁልፎቹ አልቀው በሽቦ የታሰረ ካፖርት ለብሷል፤ ከጉድጓድ በወጣ ቁጥር እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል።

ጨዋታ አዋቂ ነበር። "ድሮ በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ጫካ ነበር የሚወጣው" አለን እየቆፈረ። "የመጀመሪያው ሽንት ቤት ሲሠራ አባቴ 'ሰው እንዴት ቤት ሠርቶ ይጸዳዳበታል?' ብሎ አሻፈረኝ አለ። በኋላ ዝናብ አሸነፈውና ገባ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ማን ያስወጣው!"

በሳቅ ፈረስን።

ጉድጓዱ አልቆ ወለሉን ሊመታ ሲል እናቴ ከአሮጌው ሽንት ቤት የተነሱትን ሳንቃዎች አቀበለችው።

"እነዚህኮ ደህና ናቸው፤ ለምን ይጣላሉ?"

ተቀብሎ አንዱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። ከዚያ መጥረቢያውን አንስቶ ሁሉንም ፈለጣቸው።

"ምነው ወንድሜ?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"ሚስቴ ጉድጓድ ገብታ የሞተችው እንዲህ ደህና የሚመስል ሳንቃ ተሰብሮባት ነው፣ እትዬ" አለ ቀና ሳይል። "ነፍሰ ጡር ነበረች። ወለሉን የመታሁት እኔ ነኝ።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

ወለሉን በአዲስ ሳንቃ መታ። ሲጨርስ ማንንም ሳያስጠጋ መሀሉ ላይ ወጣና በሁለት እግሩ እየዘለለ ይረግጠው ጀመር። ላቡ እስኪንጠፈጠፍ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ዘለለ። እናቴ "በቃ ወንድሜ፣ ጠንካራ ነው" ብትለውም አልሰማትም።