የፒሮጃ ጠብ ከሊቀመንበሩ ጋር

ፒሮጃ ሰው አትወድም ነበር፤ ምን ይደበቃል። ሙምባይ ውስጥ፣ ጥንት ከፋርስ በፈለሱት በፓርሲዎች ግቢ፣ ከሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬ አንድ ቀን "ደህና አደርክ" ብላኝ አታውቅም። "አንተ ደግሞ ደረጃውን እንደ ዝሆን ነው የምትወርደው!" ነበር ሰላምታዋ። ከሁሉ አብልጣ የምትጠላው ግን የአንድ የማራገቢያ ፋብሪካ ሊቀመንበርን ነው።

ባሏ ሲሞት የፋብሪካውን አክሲዮን ትቶላት ስለሄደ የምትኖረው በሱ ትርፍ ነበር። በፈረንጆቹ 1997 መንግሥት አዲስ ግብር አመጣ። ኩባንያው ትርፍ ሲያከፋፍል ግብሩን አስቀድሞ ራሱ ይከፍላል፤ ለባለአክሲዮኑ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ፒሮጃ ደሟ ፈላ። ገቢዋ ትንሽ ስለሆነ ግብር የማይነካት ሴት፣ አሁን ከሊቀመንበሩ እኩል ሊቆረጥባት ነው!

ስለዚህ በየዓመቱ በባለአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስታ ማይክ ትይዛለች። ጉባኤ ሲባል እንግዲህ ግማሹ ሰው የሚመጣው ለሳምቡሳው ነው። ቀሪው ሊቀመንበሩን በግጥም ያሞግሳል፤ ሆዳም ሁላ።

"ጌታው፣ የኔና ያንተ ኪስ እኩል ነው እንዴ?" አለችው አንዴ።

"ወይዘሮ ፒሮጃ፣ እኛማ ብንጨምርልዎ ደስ ባለን፤ መንግሥት ወሰደው እንጂ። ግብሩ የተነሳ ቀን ሳንቲሟ ሳትቀር የእርስዎ ናት።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

በመሃል ለአንድ ዓመት ግብሩ ተነስቶ ነበር። ትርፉ ግን ሰባራ ሳንቲም አልጨመረም። ስትጠይቀው "ተመልሶ ይመጣል ብለን ነው የያዝነው" አላት፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ! እውነትም ግብሩ ተመልሶ መጣ፤ እሷም እየተሳደበች መጠበቋን ቀጠለች።

በ2020 ግብሩ ጨርሶ ተሻረ። የዚያ ዓመት ትርፍ ሲታወጅ ግን ያው የአምናው ሆኖ ቁጭ! ለመንግሥት ይከፈል የነበረውን ኩባንያው ዋጥ አድርጎታል። ፒሮጃ ሰውየውን በሕዝብ ፊት በገዛ ቃሉ ልትይዘው ተነሳች። ወረርሽኙ ጉባኤውን ወደ ኮምፒውተር አዙሮት ስለነበር እኔን አስጠራችኝ።

"ይኼን ዕቃ ክፈትልኝ፤ አፍህን ደግሞ ዝጋልኝ" አለችኝ። ደህናውን ሳሪዋን ለብሳ፣ ዕንቁዋን አድርጋ ተቀምጣለች።

ስሟ ሲጠራ ጀመረች። "አንተ ቃለ አባይ! 'ቃሌ ነው' አላልክም? ገንዘቤን የት አደረስከው?"

ይህን እንኳ ሳትጨርስ ከዚያ ወገን ድምፅዋን ዘጉት። ስክሪኑ ላይ ምልክቱን አይቼ ልከፍተው ብሞክር እምቢ አለኝ። እሷ ምልክቱን ልብ አላለችም፤ ዓይኗን ሊቀመንበሩ ላይ ተክላ ስድቡን ታወርድበታለች። ግቢው በሙሉ ሲሰማት ያ ሰውዬ ብቻ አልሰማትም። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ አድርጎ በፈገግታ፣ "ወይዘሮ ፒሮጃን ስለ መልካም ቃላቸው እናመሰግናለን። ቀጣይ!" አለ።

"አየኸው?" አለችኝ፣ ጆሮዋ ደከም ስላለ ምስጋናውን ሳትሰማ። "አንገቱን ደፋ! አፈረ አይደል?"

ልዋሻት ቃጥቶኝ ነበር። ግን የዋሿት አይበቃትም?

"እትዬ፣ አልሰሙዎትም። ድምፅዎን ዘግተውታል።"

"ታዲያ አንገቱን ለምን ደፋ?"

"ስለ መልካም ቃልዎ አመሰገነዎት።"

ስክሪኑ ላይ አንዱ ሆድ አደር ለሊቀመንበሩ ግጥም ያነባል። በንዴት ኮምፒውተሩን ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ሽጥልኝ" አለች።

"ምኑን?"

"አክሲዮኑን። ሁሉንም ሽጠው። ሰድቤው እንኳ ካልሰማኝ ምን ያደርግልኛል?"