በሩ ያልተዘጋው የሸክላ ቤት

ዝናብ ደረቅ ሸክላ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ወስዶ አንኮበር፣ እናቴ ጓሮ ይጥለኛል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ለመታሰቢያ ትንሽ ቤት አዘዛትና የኛኑ ጎጆ እስከ ጉልላቱ አስመስላ ሠራችለት።

«በሩን አልዘጋሽውም» አልኳት።

«ከተዘጋ እሳት ላይ ይፈነዳል» አለችና በእርጥብ ጣቷ የበሩን ጠርዝ አለሰለሰችው። «ደግሞስ አባትሽ ሲመጣ በየት ይግባ?»

አባቴ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕር ከወረደ ክረምት አልፎ ነበር። እኔ ግን «በዚህችማ አውራ ጣቱም አይገባም!» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አባቴ አልተመለሰም። ጎጆአችንም ከፈረሰ ቆየ። ፈረንጅ አገር ያለው ግን፣ ካልተሰበረ፣ ዛሬም በሩ ክፍት ነው።