መገፋት ክልክል ነው

«ተገፋሁ» የማለት ልማድ አለኝ። ርዕሰ መምህርነቱ ለሌላ ሲሰጥ ተገፋሁ አልኩ፤ ሠርግ ቤት ሥጋው ሳይደርሰኝ ሲያልቅም ያው ተገፋሁ ነው ያልኩት። ደባርቅ ላይ ሦስት ሆነን የብስክሌት ጉዞ ኮሚቴ ስናቋቁም ግን በቃለ ጉባኤው ላይ የመጀመሪያውን ደንብ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ «ዳገት ላይ መገፋት ክልክል ነው።»

ነገሩ የጀመረው በወገቤ ነው። ጎንደር ያለው ሐኪም ዲስኬ መንሸራተቱን ነግሮኝ፣ ከእንግዲህ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ማለት እንደማይቻል፣ እግሬ እንደገና ከደነዘዘ ደግሞ ነገሩ እንደማያምር አስጠነቀቀኝ። እኔ የሰማሁት «ጎንበስ» የምትለዋን ብቻ ነው። በየዳ ተወልዶ ደባርቅ ላይ ብየዳ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ፈረንጆች በጀርባቸው ጋደም ብለው፣ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ፔዳል ሲመቱ በስልኬ አሳየሁት። ደጋግሞ አየና «ይኼማ አልጋ ነው፤ አልጋ መቼ ያቅተኛል» አለኝ። ከቱቦላሬ ብረት፣ ከአሮጌ የሚኒባስ ወንበርና ከተቀጣጠሉ ሁለት የብስክሌት ካቴናዎች ሠራልኝ። ከዚያ ለራሱም ሠራ። ወገቡ እንደ ወይራ የጠነከረው የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርም ለእኔ ካልተሠራልኝ ብሎ አስቸገረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

በኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ምክትልና ጸሐፊ ሆንን፤ ተራ አባል የለንም። ዕቅዳችን ዳባት አድረን፣ ኮሶዬ አድረን፣ በሦስተኛው ቀን ጎንደር መግባት ነው። ለስንቅ በሶ ይሻላል ቆሎ በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ስብሰባ ተከራከርን። ጋደም ብሎ ቆሎ የቃመ ሰው እንደሚታነቅ የሒሳብ መምህሩ በተግባር ስላሳየን በሶ አሸነፈ።

ባለቤቴ ቃለ ጉባኤውን አነበበችው። «ጥሩ ደንብ ነው» አለች። «እንግዲያው ቅዳሜ ዳባት ደርሳችሁ ተመለሱ። ሳትገፋ ከመጣህ ጎንደር ሂድ። ከተገፋህ ግን ቤትህ ትቀመጣለህ።» የሐኪሙን ቃል እሷ ሙሉውን ነበር የሰማችው።

ቅዳሜ ወደ ዳባት ስንወርድማ ሹም ነበርኩ። ደባርቅ ከዳባት ከፍ እንደምትል በየዓመቱ የማስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የገባኝ ግን ስንመለስ ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ ጥለውኝ ወጡ። ዳገቱ ወገብ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች አገኘሁ፤ አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆባቸውን አወለቁ።

«እግዜር ይማርህ ልጄ! ሐኪም ቤት ነው?»

«አልታመምኩም አባቴ፤ ስፖርት ነው።»

«ስፖርትስ ተነሥቶ ነው» አሉኝ፣ አዝነው።

በእኛ አገር በቃሬዛ የሚሄድ በሽተኛ ያገኘ መንገደኛ ትከሻውን ሳያዋጣ አያልፍም። እኔም በጀርባዬ ተንጋልዬ እግሬን ዘርግቻለሁ፤ ከቃሬዛ የሚለየኝ ጎማው ብቻ ነው። ሽማግሌው ዱላቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው ወንበሬን ከኋላ ያዙ። ቆሽቴ አረረ። ፍሬን ይዤ «አይግፉኝ፣ ክልክል ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ማነው የከለከለ?»

«ኮሚቴው።»

«በሽተኛ ሁሉ አልታመምሁም ነው የሚል» አሉ ለጓደኛቸው። «ና እስቲ፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

እግሬ የጠፋኝ ያን ጊዜ ነው። ፔዳሉ ላይ መኖሩን የማውቀው በዓይኔ ስለማየው ብቻ ሆነ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። የታየኝ ጎንደር አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት መቆም አቅቶኝ ተቀምጬ ሳስተምር ነው። እጄን ከፍሬኑ ላይ አነሣሁ። ሽማግሌው እያለከለኩ፣ በየመሐሉ «አይዞህ» እያሉ ዳገቱን አወጡኝ። አንጀቴን በሉት። ሜዳው ላይ ሲለቁኝ ግን በወጉ እንኳ አላመሰገንኳቸውም፤ ጓደኞቼ አይተውኝ እንደሆነ ነበር የማጮልቀው። አላዩኝም፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ።

ባለቤቴ ደባርቅ መግቢያ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የሒሳብ መምህሩ ገና ሳትጠይቀው «በራሱ ነው የመጣው! ማንም አልነካውም!» ብሎ መሰከረ። በያጁም ማለላት።

«ማንም አልገፋኝም» አልኩ እኔም፣ አፌን ሞልቼ። ከአልጋዬ ተነሥቼ ወደ እሷ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ፊቴን አላየችም፤ የምታየው ጫማዬን ነበር።

«የትኛው ነው የደነዘዘው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ግራው» አልኩ።