የጽናው አመድና የተመለሰው ኦርጋን

እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አልወድም። ግን ባለፈው እሑድ የሆነው ከአንጀቴ አልወጣ አለኝ።

ሲያትል ውስጥ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሳይኖረን ከፈረንጆች ተከራይተን እንቀድስ ነበር። ዕድሜ ጠገብ የጡብ ሕንፃ ነው፤ ፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ ባለ ቧንቧ ኦርጋን ነበረው። ጠዋት የእኛ፣ ከሰዓት የእነሱ። ኦርጋኑን የሚጫወቱት ባልቴት ጣታቸውን ቁርጥማት ስለያዛቸው ትንሽ ሂተር አጠገባቸው ሰክተው እጃቸውን ያሞቃሉ።

ዕጣን የሚታጠንበትን ጽና የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። የጽና አመድ እግር በማይረግጠው ቦታ ነው የሚደፋው። አገር ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትደፋዋለህ፣ አለቀ። እዚህ የት ልድፋው? ዙሪያው ፓርኪንግ ነው፤ ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥለው ደግሞ እግዜርን ፈራሁ። ሶ፣ በካርቶን እያደረግኩ ከኦርጋኑ ጀርባ ባለችው ቁም ሣጥን አስቀምጠውና ሰኞ ከኦበርን፣ ከመጋዘን ሥራዬ ስመለስ ወንዝ ዳር እወስደዋለሁ። አንድ እሑድ ቸኩዬ ፍሙ መጥፋቱን ሳላይ ሄድኩ።

አመሻሹ ላይ አንዱ ምእመን ኮል አድርጎ ሕንፃው ተቃጠለ አለኝ። እሳቱ ከኦርጋኑ ጀርባ ነበር የተነሣው፤ ቧንቧዎቹ እንደ ሻማ ቀልጠው ወርደዋል። መርማሪዎቹ ምክንያቱን በርግጠኝነት አናውቅም አሉ። ሰው ግን ሂተሩ ነው ብሎ ፈረደ። ባልቴቷም አመኑ፤ ሳላጠፋው ሄጄ ነው ብለው ከዚያ ወዲያ ምንም አልተጫወቱም። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ፈጀውም።

እኛ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር አዳራሽ አግኝተን ገባን። እዚያ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደትና ጾም ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ሂድና ለሴትዮዋ ንገራቸው፤ ቀኖናህ ይኸው ነው» አሉኝ። ስግደት ይሻለኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት ሄደ።

ባለፈው እሑድ የፈረንጆቹ ሕንፃ ታድሶ አዲሱ ኦርጋን ተመረቀ፤ እኛም ተጠራን። ሌላ ሰው ነው የተጫወተው። ባልቴቷ መጨረሻው ወንበር ላይ እጃቸውን በኮታቸው እጅጌ ከተው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። የምናገረውን ባቡር ውስጥ ሳጠና ነበር የመጣሁት። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ግን ቀደሙኝ።

«ከእናንተ አንድም ሰው በክፉ ዓይን አላየኝም» አሉ እጄን ይዘው። «ሂተሩን አጥፍቻለሁ ብዬ ብምል እንዴት ደስ ባለኝ። አልችልም። የእናንተንም ቤት አቃጠልኩባችሁ። ይቅር በሉኝ።»

ያጠናሁት ጠፋኝ ብዬ አልዋሽም፤ እያንዳንዱ ቃል አፌ ላይ ነበር። ፈራሁ እንጂ።

«ይቅር ብለንዎታል» አልኳቸው።