የአባዬ ሳቅ

ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት ድራማ ፊቷን ከሰልና ቫዝሊን ስትቀባ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ ከሚሴ ወሰደኝ።

አባዬ ዶሮ ለማረድ እንኳ አንጀቱ አይችልም ነበር፤ የሚያርድልን ጎረቤት ነበር። አንድ ጊዜ በከተማው አዳራሽ በታየ ቲያትር ግን አገሩን ከጠላት ያዳነ ጀግና ሆኖ ተጫወተ። ጀግናው ሲሾም ሰው ሁሉ የሚከዳው መሰለው። በመጨረሻ ያሳደገውን ታናሽ ወንድሙን አስገደለና ሳቀ።

እማዬ እጄን ጨምቃ "አዑዙ ቢላሂ! አላህ ይጠብቀን!" አለች። እንዲያ ሲስቅ ሰምተነው አናውቅም።

ቤት ስንገባ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ፣ "አባዬ፣ ያን ሳቅ ማን አስተማረህ?" አልኩት።

ፊቱ ላይ ያለውን ከሰልና ቫዝሊን በውሃ አሸ።

"ማንም። ስፈልግ ውስጤ አገኘሁት። ወላሂ፣ እኔም ደነገጥኩ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መድረክ አልወጣም። ዛሬ አርጅቷል፤ የልጅ ልጆቹ ሲያስቁት አፉን በእጁ ይሸፍናል።